ሆቴሉን በማታው ምረጪው፦ ጣና ዳር ብቻሽን ስታድሪ

ጣና ዳር ያለ ሆቴል በቀን አስቀያሚ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ማንጎው አለ፣ ጥላው አለ፣ ውሃው እስከ ሳሩ ይመጣል፣ አንድ ሁለት የደንገል ታንኳ ያልፋል፣ ፎቶ አንስተሽ ትለጥፊያለሽ። ችግሩ አንቺ እዚያ የምታድሪው በቀን አይደለም።

ሥራዬ ኦዲት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ለማየት ከባሕር ዳር እየተነሳሁ ወደ ሐሙሲት፣ ወደ ወረታ፣ ወደ ዘጌ፣ አንዳንዴም እስከ ጎርጎራ እሄዳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ስለዚህ ሰው «የት ልደር?» ሲል ወደ እኔ ነው የሚደውለው፤ እኔም አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሜ ከማወራ ልጻፈው አልኩ። በ«አንቺ» የጻፍኩት የምትደውሉልኝ አብዛኞቻችሁ ሴቶች ስለሆናችሁ ነው። ወንዶችም አንብቡ፣ የተሰበረ መቀርቀሪያ ፆታ አይለይም።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሐይቅ ዳር ያለ ሎጅ «ምርጡን ነው የሰጠንሽ» ብለው ከግቢው መጨረሻ ያለችውን ጎጆ ሰጡኝ። እውነትም ምርጥ ነበረች። በረንዳዋ ላይ ስትቀመጪ ውሃው እግርሽ ሥር ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ጠለቀች። አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ የሚያበራው ሬስቶራንቱንና ሪሴፕሽኑን ብቻ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። በሩን ልቆልፍ ስል ቁልፉ ይዞራል፣ ምላሱ ግን መቃኑ ውስጥ አይገባም፤ እንጨቱ በእርጥበት አብጦ ተንጋዷል። መቀርቀሪያ በነበረበት ቦታ አንድ የጎበጠ ምስማር አለ። ምስማሩን ወደ ጎን ስታዞሪው በሩን ይይዘዋል ተብሎ ነው። ሪሴፕሽን ደወልኩ፣ አይነሳም። አምስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«ሰርቪስ ነኝ እህቴ። የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?»

በዚያ ሰዓት ምን ያስፈልገኛል! «ምንም» አልኩ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ የጫማው ድምፅ በጠጠሩ ላይ ራቀ። ምናልባት ቅን ልጅ ነው፣ ጨለማ ውስጥ መሆኔ አሳስቦት ይሆናል፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ጠረጴዛውን በሩ ላይ አስደግፌ፣ ሻንጣዬን ጠረጴዛው ላይ ጭኜ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጠዋት ቁርሱ በጣም ጥሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሆቴል የምመርጠው በማታው ነው። በር፣ መብራት፣ ውሃ፣ ሌሊት ነቅቶ ያለ ሰው። እይታው ከነዚህ በኋላ ይመጣል።

ከሆቴሉ በፊት መንገዱ

ቦታውን ሳታውቂ ሆቴሉን አትምረጪ። ክልሉ ውስጥ ባለፉት ዓመታት የነበረው ሁኔታ ለማንም አዲስ አይደለም፤ ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ የባጃጅና የሰው እንቅስቃሴ የሚቆምበት ሰዓትም ይለዋወጣል። ይህን ከፌስቡክ አትጠይቂ። ከአንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሂጂና በዚያው መስመር የሚሠራ ሹፌር ወይም ረዳት ያዢ። «መንገዱ ሰላም ነው?» አትበዪው፣ «ሰላም ነው» ነው የሚልሽ። «ትናንት ገብተህ ነበር? ስንት ሰዓት ተመለስክ?» በዪው። ካልገባ ለምን እንዳልገባ ራሱ ያወራሻል።

ርቀቱንም አስቢ። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄደሽ ፏፏቴውን አይተሽ ለምሳ ትመለሻለሽ፣ እዚያ የምታድሪበት ምክንያት አይታየኝም። (ደግሞ ከመስከረም አካባቢ ውጪ ስትሄጂ ውሃው ጥቂት ከሆነ በእኔ አትፍረጂ፣ አብዛኛው ለኃይል ማመንጫው ይወሰዳል።) ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑን እዚያ ውለሽ ባሕር ዳር ማደር ይቻላል፤ የሚያድር ሰው ግን ሌላ ዘጌ ነው የሚያየው። ጫካው ቡናና ጌሾ ነው፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ ማታ ከመንደር ወጣ ያለ ማረፊያ ማለት ድቅድቅ ጨለማ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻሽን የምትወጪ ከሆነ ከሰው ቤት አጠገብ ያለውን ያዢ።

ጎርጎራ ከሁሉም ይለያል። የሐይቁ ሰሜን ጫፍ ላይ ነው፣ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከባሕር ዳር በመኪና ስትሄጂ የጎንደርን መንገድ ይዘሽ አዘዞ ላይ ትታጠፊና በቆላ ድባ በኩል ትገቢያለሽ። ካርታ ላይ «ማዶ ነው እኮ» የሚያሰኘው ቦታ ቀንሽን ይበላዋል። በገበታ ለሀገር ከተሠራው ሪዞርት ጀምሮ እስከ ተራ ፔንሲዮን ድረስ ማረፊያ አለ። ግን እዚያ ደርሰሽ «አልወደድኩትም፣ ልመለስ» ማለት የለም። እኔ ያለኝ ሕግ ይኸው ነው፦ ሌላ አማራጭ ሆቴል በግማሽ ሰዓት የማላገኝበት ቦታ ከሆነ፣ በሰው ያልተመሰከረለትን ቤት አልይዝም። ባሕር ዳር ዙሪያ ከሆነ ግን ድፍረት ይኖረኛል፤ ካልጣመኝ ባጃጅ ጠርቼ ከተማ እገባለሁ።

ስለ «ሐይቅ ዳር» ስለሚሉትም አንድ ነገር። ጣና ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አይቀመጥም። መስከረምና ጥቅምት ሞልቶ ሳሩን ይነካል፣ ግንቦትና ሰኔ ወደ ኋላ ይሸሽና በአንቺና በውሃው መካከል ጭቃ ይተኛል። በሰሜን ምሥራቁ በኩል ደግሞ እምቦጭ አለ። ፎቶው መቼ እንደተነሳ ጠይቂ፤ ወይም ለሐይቅ እይታ ተጨማሪ አትክፈዪ፣ ውሃውን ሬስቶራንቱ ሆነሽ ታዪዋለሽ።

«ችግር የለም» የሚለውን መልስ እንዴት ታልፊዋለሽ

ስትደውዪ የምትሰሚው ቃል «ችግር የለም» ነው። ውሃ አለ? ችግር የለም። ጥበቃ አለ? ችግር የለም። እየዋሹሽ አይደለም፣ እንግዳን «የለም» ማለት ነውር ሆኖባቸው ነው። ስለዚህ በ«አዎ» የማይመለስ ጥያቄ ጠይቂ።

«ጥበቃ አለ?» ሳይሆን «ማታ ማን ያድራል? የት ጋ ነው የሚቀመጠው?» በዪ። «ውሃ አለ?» ሳይሆን «ዛሬ ጠዋት ቧንቧው ነበር? ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል?» በዪ። ጀነሬተር እንዳላቸው አትጠይቂ፣ ሁሉም አለን ይላሉ፤ «መብራት ሲጠፋ እስከ ስንት ሰዓት ታበራላችሁ? ክፍል ድረስ ይደርሳል?» በዪ። ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ የተማርኩት በዚያች ጎጆ ነው። የሚገርመው ከዚሁ ሐይቅ የሚወጣው ውሃ ጣና በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሐይቁ ዳር የተኛሽው አንቺ ግን ሻማ ትፈልጊያለሽ።

እኔ ሁልጊዜ የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች። አንዱ ወጣት ላይ ስሞክራት እንዲህ ሆነ፦

«እህቴ ምንም አታስቢ፣ ችግር የለም፣ ብቻ ነይ።»

«እሺ ወንድሜ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሆዴን ቢያመኝ የግቢውን በር የሚከፍትልኝ ማን ነው?»

ዝም አለ። «ቆይ… ጋሼን ልጠይቅልሽ።»

ጋሼ ስልኩን ተቀበሉና «ልጄ፣ እኔው ራሴ ነኝ የማድረው፣ ቤቴ ግቢው ውስጥ ነው፣ መኪና ያለው ጎረቤትም አለኝ» አሉኝ። ያዝኩት። ክፍሉ ጠባብ ነበር፣ ቀለሙ የተላላጠ ነበር፣ እንደዚያ ሌሊት ተኝቼ ግን አላውቅም።

በቀን ከደወልሽ በኋላ ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ድገሚ። ምንም የምትጠይቂው ባይኖር «ቁርስ ስንት ሰዓት ነው?» በዪ። ዋናው ስልኩ መነሳቱ ነው፤ ያላነሳ ሆቴል ክፍልሽ ውስጥ ሆነሽ ስትደውዪም አያነሳም። ስትደውዪ ከጀርባ የሚሰማውንም አድምጪ። ሙዚቃው ስልኩን ካስጮኸው ባር አላቸው ማለት ነው። ባር መኖሩ ብቻውን ክፉ አይደለም፣ ግን ከባሩ ራቅ ያለ ክፍል ካላቸው ጠይቂ።

«አልጋ አለ?» ስትያቸው ቀድመው «ለአዳር ነው?» ካሉሽ ደግሞ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ገብቶሻል። አልጋ በሰዓት የሚያከራይ ቤት ሌሊቱን ሙሉ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰው አልፈርድም፤ እንቅልፍ ግን የለም።

ቀብድ ከጠየቁሽ በቴሌብር ላኪ፤ ከመላክሽ በፊት የሚወጣውን ስም እዪ። የሆቴሉ ስም ካልሆነ የማን እንደሆነ ጠይቂ። ከአንድ ሌሊት ሒሳብ በላይ አስቀድሜ ከፍዬ አላውቅም፣ ሦስት ቀን ብቆይም እንኳ። ገንዘቡን ሰጥተሽ ከጨረስሽ በሁለተኛው ቀን ለመውጣት እግርሽ ከባድ ይሆናል።

ዋጋ ላይ «የተጣራው ስንት ነው?» በዪ። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ነው፣ አንዳንዱ ቤት ላዩ ላይ የአገልግሎት ይጨምርበታል፣ በስልክ የሰማሽውና ደረሰኙ ላይ የምታይው ለየቅል ይሆናል። ሌላው፦ ዋጋው ለክፍሉ ስለሆነ ብቻሽን ብትሆኚም የሁለት ሰው ትከፍያለሽ። ቁርስ የሁለት ሰው የታሰበበት ከሆነ በአንድ ሰው እንዲያስቡልሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ ይቀንሳሉ፤ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አይነግርሽም።

ደርሰሽ ከመክፈልሽ በፊት

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ድረሺ። ይህ የእኔ ወግ አጥባቂነት አይደለም፤ ክፍሉን በብርሃን ማየት አለብሽ፣ ካልወደድሽውም ሌላ ለመፈለግ ሁለት ሰዓት ያስፈልግሻል። ሻንጣሽን ሪሴፕሽን አትተዪ፣ ይዘሽ ግቢ። «መጀመሪያ ክፍሉን ልየው» ማለት ማንንም አያስከፋም።

በሩ ላይ ጊዜ ውሰጂ። ከውስጥ ዝጊውና ቆልፊው። ከዚያ እጀታውን ይዘሽ ሳቢው፣ በትከሻሽም ገፋ አድርጊው። ምላሱ መቃኑ ውስጥ ገብቷል? መቃኑ ላይ ያለው ብረት በብሎን የታሰረ ነው ወይስ በሁለት ምስማር የተንጠለጠለ? የሐይቅ ዳር እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፤ ስለዚህ መስከረም ላይ ጥሩ የነበረ በር መጋቢት ላይ ሊላቀቅ ይችላል። ከቁልፉ ሌላ መቀርቀሪያ መኖር አለበት፣ ምክንያቱም የቁልፉ ቅጂ ሌላ ሰው ጋ አለ። መቀርቀሪያ ከሌለ ክፍል ቀይሪ። «ነገ እናሠራለን» ቢሉሽ ነገ የሚያድረው ሌላ ሰው ነው።

እኔ ቦርሳዬ ውስጥ የእንጨት ሽብልቅ አለ። አናጺ ጋ ሄጄ ነው ያሠራሁት፣ የመዳፌን ያህል ርዝመት ያላት፣ አንዱ ጫፏ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከሥሩ ትሰክያታለሽ፤ ከውጭ የገፋው ሰው በገፋ ቁጥር ይበልጥ ትነክሳለች። ከሥሯ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ አስለጥፌባታለሁ፣ በሴራሚክ ላይ እንዳትንሸራተት። ወደ ውጭ ለሚከፈት በር አትሠራም፣ ለዚያ እጀታውን በገመድ ከአልጋው እግር ጋር አስሪ። ትንሽ ከተማ ላይ በሩ ከውጭ በጓጉንቸር የሚቆለፍ ፔንሲዮንም አለ። የራስሽን ጓጉንቸር ያዢ፣ የእነሱን ብዙ እጅ ያውቀዋል።

ከበሩ ቀጥሎ መስኮቱ። በተለይ የመታጠቢያ ቤቱ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ፍርግርግ አለው? ይዘጋል? መጋረጃው ሙሉ መስኮቱን ይሸፍናል ወይስ መሀሉ ላይ አራት ጣት ይጎድለዋል?

ውሃውን ክፈቺና ተዪው። የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሁሌም ይመጣል፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ነው። ሌላውን እያየሽ ሁለት ደቂቃ ይውረድ። አንሶላውን በማዕዘኑ በኩል ገልጠሽ የፍራሹን ስፌት እዪ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው፣ «ታጥቧል» ቢሉሽም ውጪ።

አጎበር የግድ ነው። ባሕር ዳር ደጋ አይደለም፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ወባ አለ፣ በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ። አጎበሩን ዘርጊው፤ ቀዳዳ ካለው ለዕይታ የተሰቀለ ነው። እኔ መርፌና ክር እይዛለሁ። ሳቁብኝ እንጂ አንድ ሌሊት ሰባት ቀዳዳ ሰፍቻለሁ።

የትኛው ክፍል

ፎቅ ካለ አንደኛ ፎቅ። ምድር ቤት መስኮትሽ ከመንገደኛ ዓይን ጋር እኩል ነው፣ ትንኙም እዚያ ይበዛል። ጎጆ ጎጆ የተሠራ ሎጅ ከሆነ ደግሞ ለዋናው ቤት የቀረበችውን ጠይቂ። ሠራተኞቹ ግር ይላቸዋል፦ «እዚያ ጥግ ያለችው እኮ ናት ደስ የምትል!» «አውቃለሁ፣ እሷን ለሙሽሮች ስጧቸው» በያቸው።

ሌላም ምክንያት አለ። ጉማሬ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች አሉ፤ ቀን ውሃ ውስጥ ይውሉና ማታ ሳር ሊበሉ ይወጣሉ። ግቢው እስከ ውሃው ድረስ አጥር ከሌለው ያ የሚያምረው መስክ የእነሱም ነው። ከእራት ወደ ጎጆሽ ስትመለሺ ዘበኛው እንዲሸኝሽ ጠይቂ። ፈሪ ይሉኛል ብለሽ አትፈሪ፣ የአካባቢው ሰው ራሱ ያለ ባትሪ አይሄድበትም።

ቅዳሜ ሰርግ እንዳለ ቀድመሽ አጣሪ። ጥር ከገባ፣ ከፋሲካ በኋላም፣ የሐይቅ ዳር አትክልት ቦታ ሁሉ የሰርግ አዳራሽ ነው። ሳውንድ ሲስተሙ ከመስኮትሽ ሃያ ሜትር ይተከልና እስክስታው እኩለ ሌሊት ያልፋል። አንድ ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ወርጄ አብሬ ጨፈርኩ፣ የሙሽራዋ አክስት ክትፎ አጎረሱኝ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሳካም። ጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጎንደር ስለሚሞላ ትርፉ ሰው መንገድ ዳር ባሉት ከተሞች ይፈሳል፤ ያን ጊዜ ሳትይዢ አትውጪ።

የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሚያማርርሽ ከሆነም ከቤተ ክርስቲያን ራቂ። እኔ በተቃራኒው ነኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ማኅሌት ሲሰማ መንገዱ ላይ ሰው አለ ማለት ነው፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች ሲያልፉ ይታዩኛል፣ ያኔ ነው እንቅልፌ የሚጠልቀው።

«ብቻሽን ነሽ?»

ይህን ጥያቄ አታመልጪውም። መታወቂያሽን ስትሰጪ ይጠይቁሻል፣ እራት ስታዝዢ ይጠይቁሻል፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅ እንኳ ይጠይቅሻል። አብዛኛው አዝኖልሽ ነው፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ያሳዝናል። እኔ ሪሴፕሽን ላይ «ባልደረባዬ ከኋላ እየመጣ ነው» እላለሁ። ውሸት ነው፣ ንስሐ አባቴም ያውቃሉ። መቼ እንደሚደርስ ከጠየቁኝ «መንገዱ ነው እንጂ ዛሬ ነበር» እላለሁ፣ መንገዱን ማንም አይከራከርም።

የእንግዳ መዝገቡን ልብ በዪ። ስም፣ ስልክ፣ የክፍል ቁጥር ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ይተኛል፣ ያለፈ ያገደመ ያነበዋል። አንድ ትንሽ ሆቴል ካረፍኩ በኋላ ከማላውቀው ቁጥር «ክፍሉ ተስማማሽ?» የሚል መልእክት መጥቶልኛል። አሁን የሥራ ስልኬን ነው የምሞላው፤ የክፍሉን ቁጥር ጮክ ብሎ ሊጠራ ሲል ደግሞ እጄን ለቁልፉ እዘረጋለሁ።

ከዚህ ሁሉ መቀርቀሪያ በላይ የሚጠብቅሽ ግን ቡና የምታፈላዋ ሴት ናት። ቀልድ አይደለም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክፍልሽ ውስጥ ከመቀመጥ ወርደሽ ረከቦቱ አጠገብ ተቀመጪ። አንደኛውን ጠጥተሽ አትነሺ፣ ሦስተኛውን ጠብቂ። ከየት እንደመጣሽ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ምን እንደምትሠሪ ትጠይቅሻለች፤ አንቺም ልጆቿን ጠይቂያት። በረካው ሲደርስ እዚያ ግቢ ውስጥ ስም አለሽ። ወረታ ላይ የማርፍበት ቤት ቡና የሚያፈሉት እናት እራት ሳልበላ ከተኛሁ በሬን ያንኳኳሉ፦ «አንቺ ልጅ፣ ጦምሽን ልታድሪ ነው?» ዘበኛው የት እንደሚያድር፣ የትኛው ሠራተኛ እንደሚጠጣ፣ የቱ ክፍል ውስጥ ውሃ እንደሚንጠባጠብ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ሪሴፕሽኑ ይህን አይነግርሽም።

እራት በጊዜ ብዪ። ትንሽ ቦታ ላይ ወጥ ቤቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሊዘጋ ይችላል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ብቻ ታገኚያለሽ፤ አሳ ካለ ግን አሳውን እዘዢ፣ ቆሮሶ ጥብስ ወይም አሳ ጉላሽ። ሐይቁ ውስጥ ዋኚ የሚልሽ ካለ አመስግነሽ ተዪው፣ ቢልሃርዚያ አለበት።

ጀልባውን ሆቴሉ ሲያዘጋጅልሽ

ብቻዋን የሄደች ሴት ኪሷ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የጀልባ ዋጋ ለጀልባው ነው እንጂ ለሰው አይደለም፤ አምስት ሆነው የሚከፍሉትን አንቺ ብቻሽን ትከፍያለሽ። ስለዚህ ሆቴሉን ስትመርጪ «ነገ ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ሌላ እንግዳ አለ?» ብለሽ ጠይቂ፤ እንግዳ የሚበዛበት ቤት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከገጠሙ በኋላ ደግሞ የት እንደሚሄዱ አጣሪ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ወንዶቹ ሲሳለሙ አንቺ ጀልባ ላይ ትጠብቂያለሽ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ትገቢያለሽ፤ ዘጌ ላይ ናቸው። ጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ከመነሳትሽ በፊት የሕይወት አድን ጃኬቱን በዓይንሽ እዪ፣ «አለ» የሚለውን አትመኚ።

ካረፍሽ በኋላ የሆነ ነገር ካልጣመሽ፣ ምክንያቱን መግለጽ ባትችዪም፣ ሳይጨልም ውጪ። ቀብዱ ይቅር። «ስልክ ተደወለልኝ፣ ቤት ሰው ታሟል» ማለት ይበቃል። ከጨለመ በኋላ ከሆነ ግን መንገድ ላይ አትውጪ፣ ክፍል ቀይሪ፤ ቡና ያፈላችውን ሴት ፈልጊ።

መመለሻሽንም የምታዘጋጂው ማታውኑ ነው። መኪና የሚወጣው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወርጂ የግቢው በር ተቆልፎ፣ ሪሴፕሽኑ ባዶ ሆኖ፣ የዘበኛውን ስም እንኳ ሳታውቂ ጨለማ ውስጥ ትቆሚያለሽ። ይህ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፣ በሁለተኛው መኪናው አምልጦኛል። አሁን ከእራት በኋላ ዘበኛው ጋ ሄጄ ሰላም ብዬ፣ ሻይ ገዝቼ፣ ስልኩን ተቀብዬ፣ የምነሳበትን ሰዓት እነግረዋለሁ። ሒሳቤንም ያኔ ዘግቼ ደረሰኜን እይዛለሁ። ባለፈው ወር ሐሙሲት ላይ ገና ደረጃውን ሳልወርድ ባትሪው በራልኝ። በሩ ተከፍቷል፣ ባጃጁ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል።

«እታለም፣ ቀስ በዪ፣ ደረጃው ጤዛ አለበት» አለኝ።